ሰልፉ ሁሉ የሰማው ፎርም

ጋሽ በላይን የበደልኳቸው እኔ ነኝ፤ በድረ ገጹ አላሳብብም። የምሠራው እዚሁ ሐረር፣ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ቀጠሮ ድረ ገጻችን ላይ በስልክ በሚሞላ ፎርም ከሆነ ወዲህ ነው ነገሩ የተፈጠረው። ዓይነ ስውሩ ጡረተኛ መምህር ጋሽ በላይ ከኤረር በር በባጃጅ መጡና፣ «ልጄ፣ ስልኬ ሌላውን ሁሉ ያነብልኛል፤ የእናንተ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ‹ቁልፍ፣ ቁልፍ› ይላል እንጂ የቱ የምን እንደሆነ አይነግረኝም። ባለሙያችሁ ያስተካክለው» አሉኝ። «እኔ እያለሁ ምን አስጨነቀዎት!» ብዬ ስልኩን ከእጃቸው ወሰድኩ። ድምፄ ደግሞ ጊደር መጋላ ገበያ ላይ በርበሬ ለመሸጥ የተፈጠረ ነው። «ሽንት ያመልጥዎታል?» ብዬ አነበብኩ። ካርድ ለማውጣት የተሰለፈው ሁሉ ዞሮ አየን። አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው «ስልኬን» አሉና ወጡ።

ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ብጠይቅ «ምን አደረግሽና ልጄ» ብለው ሸኙኝ፤ ለሕክምናው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ ይዤ ጥግ ስፈልግ የኖርኩ ሴት፣ ለብቻ ማንበብ ምን እንደሆነ ያን ቀን ጠፋኝ። ትናንት ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ መጥቶ «ያስቸገረ ነገር አለ?» ሲል ኃላፊያችን ቀድሞኝ «ምንም የለም፤ ዓይነ ስውር ከመጣ እሷ ታነብለታለች» አለው። ያኔ እንዲህ አልኩ፦ «እኔ ሳነብማ ሰልፉም ይሰማል። ጥያቄውንም ቁልፉንም ስልካቸው እንዲያነብላቸው አድርግ፤ ሰው የሚያመውን ለሐኪሙ ብቻ ይንገር።»