የዘነበ ቡሶላ

«የዛሬው ፀሐይ ደስ ይላል፣ አይደል በከር? ትናንት ያን ሁሉ ዝናብ አውርዶት... መሬቱ ግን ገና እርጥብ ነው፤ ካርቶኑን ደህና አድርገህ አንጥፍ፤ ወገብህን እንዳያምህ።»

ጠጅቱ ይህን ያለችው ልደታ በሚገኘው ግቢዋ፣ አሮጌዋ ኮምቢ መኪና ሥር ለተጋደመው መካኒክ ነው። ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነበር። እዚያ ድንጋይ ላይ የሟች ባሏ የዘነበ ወዳጅ፣ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዳኛ ጋሽ ሸዋንግዛው ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጧል። የመጣው ኮምቢዋን ሊገዛ ነው። «ከእንግዲህ አትነሳም፤ በቁራጭ ብረት ዋጋ ልውሰድልሽ» ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል።

ኮምቢዋ የቆመችው በአንድ ዳዶ ምክንያት ነው። በኋላ ጎማዋ በኩል ዘይት ታፈሳለች፤ ለመጠገን ደግሞ ከጎማው መሐል ያለው ትልቁ ዳዶ መፈታት አለበት። ዝጓል። ናፍጣ አጠጡት፣ በመዶሻ ደበደቡት፤ ልኩ ያልሆነ ቁልፍ አንሸራቶ የበከርን ጣት ላጠው። የሚፈታው ዳዶውን ዙሪያውን ውጦ በሚይዝ ቁልፍ፣ በልኩ ቡሶላ ብቻ ነው። ጠጅቱ ከአብነት እስከ ሰንጋ ተራ ጋራዥ ለጋራዥ ዞራ አጥታዋለች፤ ያኔ በደርግ ጊዜ እንኳን ቡሶላ ሳሙናም በቀበሌ ሱቅ ወረፋ ነበር።

ዘነበ ቡሶላው ነበረው፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ አይጠፋም። በሐዘኑ ሰሞን ግን ሸዋንግዛው «ሰው በበዛበት ቤት እንዳይጠፋ» ብሎ የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ ሄደ። ኋላ ስትጠይቀው «የምን ሳጥን?» አላት። የት ትክሰሰው? ሸንጎው ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው።

«ዘነበን መቼም ታስታውሰዋለህ» አለች፣ ወደ ኮምቢዋ ጎንበስ ብላ። «ሰው ማመን ይወድ ነበር... ወዳጅ ግን አልጎደለበትም። አንዱማ፣ አንተ አታውቀውም፣ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ከኔ በላይ አለቀሰ። እንባው እየወረደ እንኳ ዓይኑ ቤቴን ይጠብቅልኝ ነበር... ጓዳውን፣ አልጋ ሥሩን። በሐዘን መሐል ይህን ሁሉ የሚያስብ ሰው ከየት ይገኛል?

ጉልበቱስ ብትል! ሁለት ሰው የሚያነሳውን ዕቃ ብቻውን አንስቶ ሲወጣ ወገቤን አላለም። የራሱ ቢሆን እንዲያ አይቀለውም... ደግ ስለሆነ ነው።»

ከሥር የመዶሻው ድምፅ ቆመ። ሸዋንግዛው ሲጋራ ለኮሰ። ተነስቶ መሄድ አሰኘው፤ ግን አሁን ቢነሳ በገዛ ጣቱ ራሱን መጠቆም መሰለው። ተቀመጠ።

«አሁንማ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ጭቁኑን ሕዝብ ያገለግላል። ባለፈው አንዱን ምስኪን የጎረቤት ባልዲ ወስደሃል ብለው አቀረቡለት። ምን ብሎ መከረው መሰለህ? "የሰው ዕቃ ቤትህ አስቀምጠህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?" አለው። እሱ ሌላውን ይጠይቅ እንጂ እሱን ማን ይጠይቀዋል... እንቅልፉ መቼም የታወቀ ነው።

መርሳት ብቻ አለበት። እሱንም አልፈርድበትም፤ ስንቱን ሰው ቤት ሲያስብ ይዋል? ልጅ ግን አይረሳም። ትንሿ ልጄ ትናንት "የአባዬን ሳጥን የወሰደው ሰውዬ መቼ ነው የሚመልሰው?" ብላ ያዘችኝ። ምን ልበላት? ያ ሰውዬ ሞቷል አልኳት... ዋሸሁ እንዴ በከር?»

ሸዋንግዛው ሲጋራውን ሳይጨርስ ጥሎ ረገጠው፤ ደህና ዋሉም ሳይል ወጣ። ጆሮው ድረስ ይፋጅ ነበር። ያቺ ልጅ በመንገድ ባየችው ቁጥር ሮጣ ጉልበቱን የምትስም ናት።

ቆይቶ ተመለሰ። ከካፖርቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አውጥቶ ለበከር አቀበለው። «ሰንጋ ተራ ካለ ወዳጄ ተውሼ ነው» አለ ማንንም ሳያይ። ቡሶላው ዳዶው ላይ ልክክ ብሎ ገባ። በእጀታው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰኩበት፤ ሸዋንግዛው ራሱ ካፖርቱን አውልቆ ከበከር ጋር ተንጠለጠለበት። ዳዶው እንደ ጥይት ጮኾ ተላቀቀ። ስለ ግዢው ያነሳ አልነበረም።

ጠጅቱ ቡሶላውን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እጀታው ላይ የተጠመጠመው የደበዘዘ አበባማ ጨርቅ የራሷ ቀሚስ ቁራጭ ነው፤ የዘነበን መዳፍ እንዳይልጠው ብላ በእጇ የሰፋችው። ሸዋንግዛውም ያን ጊዜ አየው። ከዚያ ቡሶላውን ጉያዋ ውስጥ አስገብታ ፈገግ አለች።

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ላዋሰዎት ወዳጅዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ባለትዳር መሆን አለበት፤ እጀታው እንኳ የሴት እጅ አርፎበታል... እግዜር ዕድሜውን ያርዝመው። ቀኑ ደርሶ ያረፈ ዕለትም፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ልክ እንደ ራሱ ያለ አደራ ጠባቂ ያቁምላቸው።»