ኬሚሴን ያስመረጣት የአረፋ ሌጦ

አሰላሙ ዐለይኩም።

ክቡራትና ክቡራን፣

እንዲህ ብዬ እንድጀምር የመከረችኝ የጽሕፈት ቤታችን ጸሐፊ ዓፊያ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምለውን ሦስት ቀን ሙሉ ነግሬያት ጻፈችው፤ እየደጋገመች አነበበችልኝና በቃሌ ያዝኩት። «እንዳልኩት ጻፊ፣ አታሳምሪብኝ» ብያታለሁ። አንድ ሁለት ቦታ ሳታሳምር አልቀረችም። የሚያምር ነገር ከሰማችሁ የእሷ ነው። እውነቱ የእኔ ነው።

ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። ጋቢው ወፍራም ነው፣ ወድጄዋለሁ። ከዘራውን ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ ጨፋ ሮቢት ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ለማንኛውም ተቀብያለሁ። ለምሳ ስላረዳችሁት ሙክትም አመሰግናለሁ። ከመብላቴ በፊት በጓሮ ዞሬ ሌጦውን አይቼዋለሁ። ደህና ተገፍፏል። ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ምሳውን ትቼ እሄድ ነበር፤ ታውቁኛላችሁ።

በስንብት ቀን ሰው ስለ ራሱ ባያወራ ይመረጣል ይላሉ። እኔ አወራለሁ። ሃምሳ ዓመት ቆዳና ሌጦ ስዳስስ ኖሬ ዛሬ ዝም ካልኩ መቼ ልናገር ነው? ደግሞ ከእናንተ ግማሹ አዲስ ነው። ፋብሪካው ለምን ኬሚሴ ላይ እንደቆመ ስትጠየቁ «መሬት ስላለ ነው» ስትሉ ሰምቻችኋለሁ። መሬት የትም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ባለሀብታችን አቶ ኢልያስ የጫማ ቆዳ የሚያለፋ ፋብሪካ ልክፈት ብሎ ተነሳ። ሦስት ቦታ ታጨ፤ ሞጆ፣ ኮምቦልቻ፣ ኬሚሴ። የትኛው ቦታ በወጪ ይረክሳል፣ የትኛውስ ጥሩ ሌጦ ያገኛል ብላ እንድታጠና ኢንጂነር ረቢአን ከአዲስ አበባ ላከ። ይችው ከፊታችን የተቀመጠችው ሥራ አስኪያጃችን ናት። ያኔ ቀጭን ነበረች። አትሳቂ፣ እውነት ነው።

ከሦስቱም ቦታ አርባ አርባ የፍየል ሌጦ ገዝታ አስመረመረች። ከዚያ የከተማውን ሰው አዳራሽ ሰብስበው ውጤቱን ሊነግሩን መጡ። እኔ ያኔ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ሌጦ ላይ ጨው ነስናሽ ነበርኩ። የጠሩኝም ለስብሰባው ሳይሆን የናሙናውን እስር እንድሸከም ነው። ተሸክሜ ገባሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ውጣ ያለኝ ሰው ስላልነበረ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ረቢአ አንድ በአንድ ተናገረች። በመሬት ኪራይ ኬሚሴ ረከሰች። በሌጦ ዋጋም ረከሰች። በመንገድ ሞጆ በለጠን። በመብራት ኮምቦልቻ በለጠን። ይህን አልክድም፤ ዛሬም መብራት ሲጠፋ የምትሉትን እሰማለሁ፣ ዓፊያ አልጽፍም ስላለችኝ ነው የማልደግመው። በመጨረሻ ጥራት ላይ ደረሰች። «ከኬሚሴ ከገዛነው አርባ ሌጦ ሃያ ስድስቱ በቢላ የተቀደደ ነው» አለች። «ከሦስቱ የመጨረሻው ነው።»

አቶ ኢልያስ ተነሳና «ስለ መስተንግዷችሁ እናመሰግናለን። ፋብሪካው ሞጆ ይሆናል» አለ።

ያን ቀን ከኬሚሴ የሚሄደው ፋብሪካ ብቻ አልነበረም። ሁለቱ ትልልቅ ልጆቼ ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ሳዑዲ ገብተዋል። የቀረኝ ሙህዲን ነው። እሱም ሻንጣውን አዘጋጅቶ፣ «አባ፣ ፋብሪካው ከመጣ እቀራለሁ፣ ካልመጣ እሄዳለሁ» ብሎኛል። እንግዲህ ተሸክሜ የገባሁት ያ ሁሉ ሌጦ የልጄን መንገድ የሚዘጋ ወይም የሚከፍት ነበር ማለት ነው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ሄጄ እስሩን ፈታሁና ሌጦውን አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመርኩ።

«አባቴ፣ ምን ፈልገው ነው?» አለች ረቢአ።

«ይህን መቼ ነው የገዛሽው?»

ወረቀቷን አየች። «ረቡዕ።»

«አረፋ የዋለውስ መቼ ነው?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። «ቅዳሜ ነዋ!»

ገባት? አልገባትም። ከየት ይግባት? በሌላው ቀን ፍየል የሚገፍፈው ሥጋ ቤት ነው፣ እጁ የለመደ። በአረፋ ግን እኛ ዘንድ ሁሉም ገፋፊ ነው። መምህሩም፣ ሾፌሩም፣ ፀጉር አስተካካዩም ቢላ ይመዛል። ጎረቤቴ ሙሀመድኑር ልብስ ሰፊ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲሰፋ ይከርምና በአረፋ ቀን ይቀድዳል። ደግሞም የአረፋን ሌጦ ባለቤቱ አይሸጠውም፤ ለመድረሳ ይሰጠዋል። የማይሸጠውን ነገር ማን ይጠነቀቅለታል? ዓይኑን ሥጋው ላይ ጥሎ ሌጦውን እንደ አሮጌ ጨርቅ ይቦጭቀዋል። መድረሳው ሰብስቦ ይሸጣል። ረቢአም ከእኛ ዘንድ ሄዳ የገዛችው ያንን ነው፤ ከሌሎቹ ከተሞች የገዛችው ግን የሥጋ ቤት ሌጦ ነው።

ይህን ነገርኳቸው። እየነገርኳቸው ግን እጄ አንዱ ሌጦ ላይ ቆመ። እኔ ሌጦ ሳጥፍ የኋላ እግሩን ወደ ውስጥ መልሼ ነው፤ ከአባቴ የተማርኩት ነው፣ በዚህ ከተማ ሌላ ሰው እንዲያ ሲያጥፍ አላየሁም። ይኸኛውም እንዲያ ታጥፏል። ስዘረጋው ሆዱ ላይ ስንዝር የሚያህል ቀዳዳ አለው። የእኔ ነው። እንግዳ ደጅ ስለነበረ ቸኩዬ የገፈፍኩት ነው።

ልደብቀው? ማንስ ያውቅብኛል? ብድግ አድርጌ አሳየኋቸው። «ይህን የቀደድኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ዕድሜዬን ሌጦ ስዳስስ የኖርኩት እኔ!»

አቶ ኢልያስ ግን የዋዛ ሰው አይደለም።

«አባቴ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ አከብርዎታለሁ» አለኝ። «ግን ጫማ የሚገዛኝ ሰው ቀዳዳ ሲያገኝ ‹አረፋ ነበር› ብዬ ልመልስለት? በዓመቱ ሌጦ በብዛት የሚገኘው በአረፋ ነው። ያንን ጥዬ በተራው ቀን ብቻ ብገዛ ወጪዬ ይንራል።»

ልክ ነበር። የሰው ንግግር ልክ ሲሆን ልክ ነው ማለት ይከብደኛል፣ ግን ልክ ነበር።

«እስከሚመጣው አረፋ ጠብቀኝ» አልኩት። «ያን ጊዜ አርባ ግዛ። ከአምስት በላይ ተቀዶ ካገኘህ ሞጆ ሂድ፤ ዕቃህንም እኔ እጭንልሃለሁ።»

ሳቀ። ረቢአ አልሳቀችም። «አቶ ኢልያስ፣ ማሽኑ እስኪገባ የሆነው ሆኖ ዓመት ይፈጃል። መዝገቡን አንዝጋው» አለች። ኢንጂነር፣ ለዚያች ቃል ዛሬ በሰው ፊት አመሰግንሻለሁ።

ቤት ስገባ ሙህዲን ሰምቶ ጠበቀኝ። «ሰዉ እጁን ካልቀየረስ?» አለኝ። «ሻንጣህን መናኸሪያ ድረስ እሸከምልሃለሁ» አልኩት። በአንድ ቀን የሁለት ሰው ዕቃ ልሸከም ቃል ገብቼ አደርኩ።

ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። ኢማሙን አስፈቅጄ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከመስጊድ መስጊድ ዞርኩ። «ለእንግዳችሁ የተቀደደ ጋቢ ታለብሳላችሁ?» እላለሁ። «አናለብስም» ይላሉ። «ታዲያ ለመድረሳ ልጆች የተቀደደ ሌጦ እንዴት ትሰጣላችሁ?» አንገታቸውን ይደፋሉ። ከዚያ አሳያቸዋለሁ። ቢላ ለመክፈቻ ብቻ ነው። መስመሩን ካበጀህ በኋላ ቢላውን አስቀምጥ፤ ቡጢህን በሥጋውና በሌጦው መሀል እየገፋህ አላቅቀው። ቡጢ አይቀድድም።

ሰሙኝ እንዴ? ወንድ ልጅን መግፈፍ አትችልም ማለት ሚስትህ መልከ ጥፉ ናት ከማለት ይብሳል። «እሺ ጋሽ ጀሊል» ይሉኛል፤ ዞር ስል ይስቃሉ። ስምንት ወር እንዲሁ ለፋሁ።

አንድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ፣ ጨው ልገዛ። ጨው የምትሸጠው ኡምኩልሱም ናት። ከደጋ የወረደውም፣ ከአፋር የወጣውም ከእሷ ሳይገዛ አይመለስም።

«አንቱ ጀሊል፣ ወንዶቹን እየዞሩ ይለምናሉ አሉ» አለችኝ።

«እለምናለሁ።»

«ወንድ በአረፋ ቀን የሚሰማው ሆዱን ነው። መጀመሪያ የሚጠበሰው ምንድን ነው?»

«ጉበት።»

«ምጣዱ በማን እጅ ነው?»

«በሚስቱ» አልኳት።

«እንግዲያ ጨውዎን ይያዙና ቤትዎ ይግቡ። ስምንት ወር ለፉ፤ የቀረውን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ጣሳ ጨው ላይ አንድ ቃል እየጨመረች ሸጠች። «ሌጦው ደህና ሆኖ እጅሽ ካልገባ ጉበት አትጥበሺለት።» ለኦሮምኛ ተናጋሪዋ በኦሮምኛ፣ ለአማርኛ ተናጋሪዋ በአማርኛ። ጨው የማይገዛ ቤት የለም። እኔ ከመስጊድ መስጊድ ስምንት ወር ያልደረስኩበት ነገር በጨው ሁለት ወር ውስጥ ጨፋ ሸለቆን ዳርቻ ለዳርቻ አዳረሰ።

የአረፋ ዕለት ከሶላት መልስ ሰፈር ለሰፈር ዞርኩ። ሙሀመድኑር ግቢ ስደርስ ፍየሏ ተሰቅላለች፣ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ በላብ ተጠምቋል፣ ሚስቱ ዙቤይዳ ምጣዷን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«መጀመሪያ ጉበቱን ጣጂው፣ ርቦኛል» ይላታል።

«መጀመሪያ ሌጦውን አምጣው።»

«ጋሽ ጀሊል፣ ቤቴን አፈረሱት!»

«ቡጢህን ወደ ታች ግፋ፣ ወደ ጎን አይደለም» አልኩት።

ጎረቤቶቹ በልተው እስኪጠግቡ እሱ ቡጢውን ሲገፋ ቆየ። በመጨረሻ ሌጦው ወረደ። ዙቤይዳ ተቀብላ ወደ ፀሐይ ዘርግታ አየችው፣ ገልብጣም አየችው። አንዲት ጭረት የለበትም። ምጣዷን የጣደችው ከዚያ በኋላ ነው።

ረቢአ ባለችው ቀን መጣች። እንዳለፈው ዓመት በአራተኛው ቀን፣ ከኬሚሴ፣ ከጨፋ ሮቢትና ከሰንበቴ መድረሳዎች አርባ ሌጦ ገዛች። ከሌሎቹ ሁለት ከተሞችም እንደገና ገዛች፤ ሚዛን እንዲሆን። እንደገና ያው አዳራሽ ተሰበሰብን። አሁን ግን በሩ ላይ አልቆምኩም። የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ና ብሎ አልጠራኝም፣ ራሴ ነኝ የተቀመጥኩት።

«ከኬሚሴ አርባ ሌጦ» ብላ አነበበች። «የተቀደደ፣ ሦስት።»

አቶ ኢልያስ ወረቀት አላመነም። አርባውንም አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እየዘረጋ አየ። ሲጨርስ «ጥናቱ በድምሩ ምን ይላል?» አላት።

«በመንገድና በመብራት ሞጆና ኮምቦልቻ ይሻላሉ» አለችው። «እዚህ ግን ሌጦው ፍየሉ በታረደበት ረፋድ ጨው ያገኛል፣ የሚጣልም የለውም ማለት ይቻላል። ከአንድ ሌጦ የሚወጣው የጫማ ቆዳ ይበልጣል። ሁሉም ሲደመር ኬሚሴ ትረክሳለች፣ በጥራትም አንደኛ ናት።»

ይህን ከእኔ ያዙት። ርካሽ ማለት በትንሽ የሚገዛው አይደለም፤ ጥቂት የሚጣልበት ነው።

አቶ ኢልያስ ወደ እኔ መጥቶ እጁን ዘረጋ። «አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» «ጨው ነስናሽ ነኝ።» «ከዛሬ ጀምሮ ሌጦ ተቀባይ ነዎት።» እነሆ፣ ፋብሪካው ከቆመ ጀምሮ እኔ ሳልዳስሰው በበሩ ያለፈ ሌጦ የለም። ስንቱን ነጋዴ መለስኩ፤ ስንቱ ዘመዴ ተቀየመኝ። ሙሀመድኑርም ከተቀደዱት ሦስቱ አንዱም የእኔ አይደለም ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል። ሙህዲን የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ሌጦ የሚለፋበትን ትልቁን ከበሮ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ሻንጣውን እናቱ የጤፍ ዘር አስቀምጣበታለች።

አሁን ኢንጂነር ለሁለተኛ ፋብሪካ እንደገና ቦታ እያወዳደረች ነው። አንዳንዶቻችሁ ሰሞኑን ቤቴ እየመጣችሁ «ጋሽ ጀሊል፣ ንገሯትና እዚሁ ታድርገው» አላችሁኝ። አልነግራትም። ውድድርን አትፍሩት። የሚበልጠን ከመጣ ይብለጠን፣ ሄደንም እንማርበት። ስንበልጥ ግን ጮክ ብለን እንናገር። ትሕትና ሌጦ አያለፋም።

ሳዑዲ ያለው ትልቁ ልጄ ባለፈው ሳምንት ደወለ። «አባ፣ ሰው ትቀበላላችሁ እንዴ?» አለኝ። «እኔ መሰናበቴ ነው፣ በዘመድ የሚያስገባህ የለም። መጥተህ እንደ ማንም ተፈተን» አልኩት። እመጣለሁ አለ። ይህን ስትሰሙ ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። አላለቀስኩም። ሳቅኩ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። አላህ እጃችሁን ከስለት፣ ዓይናችሁን ከኬሚካሉ ይጠብቅ። ልጆቻችሁ በአገራቸው እንጀራ በልተው ይደጉ። የሄደው ይመለስ፣ ያለው አይሂድ። ሥራችሁ ከበሩ ወጥቶ የሚመለስ አይሁን። በእናቴ ቋንቋም ልበለው፤ ረቢ ነጋ ኢሲኒፍ ሃ ኬኑ፣ ሰላም ይስጣችሁ።

አሚን በሉ።

አሁን ተነሱ። ውጭ ከሰንበቴ የመጣ መኪና ቆሟል፤ ሌጦውን ፀሐይ እየመታው ነው።