ሁሉም ልጄ ይባላሉ

— ሄሎ! ... ሄሎ፣ ልጄ! ... አዎ፣ አባትሽ ነኝ፤ ማን ይሆናል ብለሽ ነው? ... እንዴ፣ መድረኩ ላይ ሆነሽ ነው የምትደውዪው? ... ገና ግማሽ ሰዓት ይቀራል? ጎሽ። እኛማ ከወዲሁ ተሰብስበናል። ሳሎኑ ጢም ብሏል። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፣ መምህር ከላይኛው ፎቅ ወርደዋል፣ አክስትሽ ከነልጆቿ... ታዲያስ! ልጄ ያንን በሚያህል አዳራሽ ቫዮሊን ስትጫወት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ልይ? ለጎረቤቱ ሁሉ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ!

— ምን አልሽ? ... ሥዕሉማ ከአዳራሹ በቀጥታ መጥቷል! ቴሌቪዥኑ ላይ ቁልጭ ብለሽ ትታያለሽ። ያ ጥቁሩ ፒያኖ አለ፣ አንቺ አጠገቡ ቆመሽ ስልክ ይዘሻል። ... አሁን ሳቅሽ አይደል? በስልኩ ሰማሁት፤ እዚህ ግን ገና ኮስተር እንዳልሽ ነሽ። ... ቆይ... ቆይ... ይኸው አሁን ሳቅሽ! ሥዕሉ ኋላ ቀር ነው፤ ዳገት ላይ እንደ ደረሰ አውቶቡስ።

— ድምፁ? ... ድምፁማ... እ... አልመጣም። ... የለም ነው የምልሽ! አፍሽ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ... አልተቆጣሁም። ሰው ሰብስቤ ጉድ ልሆን ነው እንጂ አልተቆጣሁም።

— ማን ገጠመው? እኔ ነኛ! ሥዕሉን ከኮምፒውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ድምፁን ወደ ስፒከሮቹ፣ አንዲት ገመድ ሳልዘረጋ! ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ፣ ይሄ ያቅተኛል? ትናንት ሞክሬው ቤቱን አንቀጥቅጦታል። ... አንተ! እጅህን ከዚያ ማውስ ላይ አንሳ! ... አይ፣ አንቺን አይደለም፣ ፀጉር አስተካካዩን ነው። ካልነካሁ ብሎ እጁ አላርፍ አለው። አንተ መቀስህን ጠብቅ! ... እሺ፣ ቀጥይ።

— ሪሞቱን? ... ጨምሬዋለሁ፣ ከዚህ በላይ መሄጃ የለውም። ... ዋይፋዩም አንድ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ዋይፋይ ነው ያገናኘኋቸው፤ ምን መሰልኩሽ? ... ከታች በቀኝ በኩል... ያቺ ጥሩምባ የምትመስለዋ? ... አገኘኋት። ነካኋት። ... አዎ፣ ዝርዝር ወጣ። የድምፁ መሄጃ ነው የሚለው። ... ላንብልሽ? "ልጄ" ይላል። ... ከሥሩ "ልጄ" ይላል። ... ከዚያ ቀጥሎ "ልጄ"። ... ምን ያስቅሻል?

— አዎ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁላቸው! ማሽኑ ራሱ ነው ስም ስጠኝ ያለው። ልጄ አልኩት። ሁለተኛውም ጠየቀኝ፣ እሱንም ልጄ አልኩት። ... ቴሌቪዥኑም ልጄ ነው፣ አዎ። ታዲያ ምን ልበላቸው? ሳሎን? ማድ ቤት? ይሄ ስም ነው? የላክሽልኝ አንቺ፣ በተነካ ቁጥር በደስታ የሚያስለቅሰው እኔን፤ ሌላ ምን ስም ይገኝለታል? ... ግራ ያጋባል? እኔን አላጋባኝም፤ እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት!

— ምልክቱ? ... ምልክቱ ያለው መጨረሻዋ "ልጄ" ላይ ነው። ... እኔ ነኛ የመረጥኳት። አዲስ ናት፤ ትናንት ሦስት ነበሩ፣ ዛሬ ሳይ አራት ሆነዋል። ... እኔ ምን አውቄ፣ ሌሊት ወልደው ይሆናል! ... የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ፤ አንዷ ትጮኻለች፣ አንዷ ታኮርፋለች።

— እሺ፣ አብረን እንቁጠር። ቴሌቪዥኑ አንድ። መደርደሪያው ላይ ያለችው ስፒከር ሁለት። የማድ ቤቷ ሦስት። ... የመኝታ ቤቷ? እሷማ አትቆጠርም፣ እናትሽ ነቅላታለች። ... ቆይቷል። ስሟን የነገርኳት ለት ነው ነቅላ መሳቢያ ውስጥ የከተተቻት። አልነገርኩሽም፤ ምን ብዬ ልነግርሽ?

— አለች። መኝታ ቤት ናት፣ በሩን ዘግታለች። ... እንግዶቹንማ ደህና አድርጋ ነው የተቀበለችው፣ ወንበሩንም እሷ ናት የደረደረችው። ከዚያ ራሴን አመመኝ ብላ ገባች። ... ምን ልዋሽሽ፣ ያው ናት። ስላንቺ ስታወራ "ልጅህ" ነው የምትለው። "ልጅህ ደወለች"፣ "ልጅህ ምን አለችህ"፤ እኔ ብቻዬን የወለድኩሽ ይመስል። ... አንቺም ፍረጂላት እንጂ። ዕድሜ ልኳን ነርስ ሆና ከሐኪም ኋላ ስትሄድ ኖራ፣ የኔዋ ከፊት ትሄዳለች ብላ ነጩን ጋዋን በእጇ ተኩሳ ሰጠችሽ። አንቺ አጥፈሽ አስቀመጥሽውና ቫዮሊንሽን አነሳሽ። ... አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ የኔ እናት። እኔ እንደሆነ ያኔም ኮርቼብሻለሁ፣ ዛሬም ኮርቼብሻለሁ። ... በይ አታልቅሺ፣ ቴሌቪዥን ላይ ነሽ፣ ሰው ያያል።

— እ? ... ይሄ ጥሩ መላ ነው! አንቺ ከዚያ ትንሽ ተጫወቺ፣ እኛ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ እናዳምጥ። ስልኩን ፒያኖው ላይ አስቀምጪው፣ እንዳትዘጊው። ... ጸጥታ! ልጆች፣ ጸጥ በሉ! እትዬ፣ አንቺ ማድ ቤት ግቢና ጆሮሽን ጣል አድርጊ። መምህር፣ እርስዎ መደርደሪያው አጠገብ ይቁሙልኝ። አንተ... አንተ ምንም አትንካ! ... ዝግጁ ነን፣ ልጄ። በይ።

— ... በስልኩ ይሰማኛል። ... እንዴት ያምራል! ... ቴሌቪዥኑ ላይ ገና ቀስቱን እያነሳሽ ነው። ... አሁን ጀመርሽ። ... እትዬ፣ አለ? የለም? ... መምህር? ... እዚህም የለም። ... ሄሎ... ልጄ... ቆይ። ቆይ እስቲ።

— ከመኝታ ቤት ነው። ... ከመኝታ ቤት ነው የምልሽ! ከተዘጋው በር ኋላ። ... አንቺው ነሽ፣ ያው ዜማሽ ነው፤ በቀስታ ይሰማል። ... እኔ አልሰካኋትም! ዛሬ ከእናትሽ በቀር እዚያ የገባ ሰው የለም። ... ልጄ? ትሰሚኛለሽ? ... ቆይ ላንኳኳ።

— እሙዬ? ... ልግባ?

— ... ሄሎ። አለሁ። ... አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስፒከሯን ጭኗ ላይ አድርጋታለች። ሽቦው ከመሳቢያው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ... አላጠፋችውም። ስገባም አላጠፋችውም። ... ምን አልሽ፣ እሙዬ? ... እሺ፣ እነግራታለሁ። ልጄ፣ "እየደጋገመ ያስላታል፤ የጉሮሮ ነው እንጂ የደረት አይደለም፣ ለብ ያለ ውኃ ትጠጣ" ትላለች። ... አዎ፣ እናትሽ! ... በምን ሰማች? መድረኩ ላይ ያለው ማይክ ክፍት ነዋ! እኛ ሳሎን ተሰብስበን ዲዳ ሥዕል ስናይ፣ ድምፅሽ ሁሉ የሚገባው እዚህ ነበር። ሲያስልሽ፣ ስትስቂ፣ ከፒያኖ ተጫዋቿ ጋር ስታወሪ... ምሳ እንዳልበላሽም ታውቃለች። በእሱ ተቆጥታለች።

— ምኑን? ... ለፒያኖ ተጫዋቿ ያልሻትን? እኔ ምንም አልሰማሁም። ... እሙዬ፣ ሌላ ደግሞ ምን ሰማሽ? ... እ... ልጄ፣ "የመጨረሻው ዜማ ለእናቴ ነው፣ ግን እሷ አትሰማውም" ብለሻል ትላለች። ... ብለሻል? ... እሺ። አይዞሽ። ምንም ክፉ ነገር አልተናገርሽም።

— ስልኩን ልስጣት? ... እንቺ፣ አናግሪያት። ... እምቢ አለች። ... አይ፣ ኩርፊያ አይደለም፤ ዓይኗ ሞልቷል፣ አፏን ብትከፍት ታለቅሳለች። ... ቆይ፣ አንድ ነገር እያለችኝ ነው። ... "እየሰማሁ ነው በላት" አለች። ... ሰማሽኝ? "እየሰማሁ ነው በላት።"

— አልቅሺ እንግዲህ፣ አሁን አልከለክልሽም። ፊትሽን ታጥበሽ ትወጫለሽ። ... እኔ? እኔ አላለቀስኩም፣ ጉንፋን ነው።

— አይ፣ ወደ ሳሎን መልሰው አትበይኝ! አመላለሱንማ አሁን አወቅኩት፤ የላይኛዋን "ልጄ" መንካት ነው፣ አለቀ። ግን አልነካትም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ እኔ ተሳስቼ የነካኋት እሷ ጆሮ ደረሰች። ... እንግዶቹማ... እሙዬ፣ እንግዶቹን ምን እናድርጋቸው? ... ልጄ! "ወንበራቸውን ይዘው ይግቡ" አለች! ራሷ ናት ያለችው! ... ኑ ግቡ! መምህር፣ ይለፉ፣ አልጋው ላይ ይቀመጡ፣ ግድ የለም። እትዬ፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ይሁኑ። አንተ፣ እጅህ አላርፍ ብሎህ አልነበር? በል ና ቴሌቪዥኑን አንሳ፣ ቀስ ብለህ! ... ልጄ፣ ብታይን! ሳሎኑ ባዶውን ቀርቶ ሰው ሁሉ መኝታ ቤት ታጭቋል። ... ኩራቴን የት ላድርሰው ነው የምልሽ! በአንቺ ኮራሁ፣ በእናትሽ ኮራሁ፣ ትንሽ ደግሞ በገጠማው!

— ስማቸውን ልቀይር? በጭራሽ! ... ጠሩሽ? ሂጂ፣ ሂጂ የኔ ቆንጆ። ውኃውን እንዳትረሺ፣ ለብ ያለ ነው ያለችው። ... እሺ፣ እሺ፣ እዘጋለሁ! ... እናትሽ ናት፣ ዝጋው እያለችኝ ነው። ... ፀጉር አስተካካዩንም ተቆጣችው፤ ሁሉንም ተቆጣች። ምን እንዳለች ልንገርሽ? ... "ዝም በሉ፣ ልጄን ልስማበት" አለች። ... አዎ! "ልጄን" ነው ያለችው! ... በቃ፣ ዘጋሁት።