ሐጂ አብዱልሃፊዝ ከዳታ ሴንተር ጋር የተሟገቱበት ቀን

ከቆሼ ያስመጣሁትን የማረቆ በርበሬ አስይዤ ቡታጅራ ከሚገኘው የሐጂ አብዱልሃፊዝ ወፍጮ ቤት ስደርስ መብራት ገና መሄዱ ነበር። ሞተሩ ዝም ብሏል፤ አየር ላይ የቀረው ብናኝ ግን ገና ያስነጥሳል። ሐጂ ደጃፉ ላይ ከልጃቸው ከሰልሚያ ጋር ቆመው ይነጋገራሉ። ሰልሚያን ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ፊዚክስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቃ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሐጂ» አልኩ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ መምህር ፊልጶስ። አላህ በሰዓቱ አመጣዎት። ይፍረዱን።»

ነገሩን አስረዱኝ። ሰልሚያ አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር ውስጥ ሥራ አግኝታለች፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች ተደርድረው የሚውሉበት ትልቅ ሕንፃ ነው። ቀጣሪዎቹ መልሷን ዛሬውኑ ይጠብቃሉ። አባቷ ግን እሺ አላሉም። እንዲህ ያለው ሕንፃ የአንድ ከተማ መብራት ብቻውን እንደሚበላ ሰምተዋል፤ ወፍጯቸው በቆመ ቁጥር አይተውት የማያውቁትን ያንን ሕንፃ ይረግማሉ።

«መብራቴን የሚወስድብኝን ሄዳ ልታገለግል? ጎረቤት ምን ይለኛል?» አሉኝ።

ጎረቤት ሩቅ አልነበረም። የሚቀጥለው ወፍጮ ባለቤት ሙንታሲር በሩን ተደግፎ፣ «እሷን ከላኩማ፣ ሐጂ፣ የቀረችንንም መብራት በሻንጣ ይዛብን ትሄዳለች» አለ። ሐጂ አልሳቁም።

ሰልሚያ ሁሉንም አስጨርሳ ሰማች፤ ከዚያም ክፍል ውስጥ ሳውቃት እንደነበረው፣ ከሚሟገቷት ሰው ቃል ውስጥ እውነቱን ለይታ በመቀበል ጀመረች።

«ብዙ ይበላል ያሉት ልክ ነው፣ አባዬ። ከትልልቆቹ አንዱ መቶ ሜጋ ዋት ሊፈልግ ይችላል። መቶ ሺህ ቤት፣ እያንዳንዱ አንድ ሺህ ዋት የሚወስድ ምድጃ አብርቶ ሌት ተቀን ሳያጠፋው ቢቀር ማለት ነው። የእኛ ምድጃ ወጡ ሲበስል ይጠፋል። የዚያ ሕንፃ ግን እረፍት የለውም።»

«ይኸው፣ በአፍሽ አመንሽ።»

«አመንኩ። አንድ ሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን አንድ አጭር ጥያቄ ሲጠይቀው የሚወጣው ኃይል ግን፣ እንደሚገመተው፣ ያንኑ ምድጃ ለአንድ ሰከንድ ያህል ማብራት ነው። የሚያገዝፈው የጠያቂው ብዛት ነው። ደግሞም ከአስፋልቱ ማዶ ሻይ ቤቱን ይዩ፤ ቴሌቪዥኑ ይሠራል። አዲስ አበባ ያለ ሕንፃ የእኛን ረድፍ ብቻ መርጦ ያጠፋል? ያጠፋነውስ እኛው ነን።»

ሙንታሲር ከበሩ ላይ ቀና አለ።

ሰልሚያ አስረዳች። በዚያ ረድፍ የወፍጮ ባለቤቶች መብራት ሲሄድ ማብሪያቸውን አያጠፉም፤ የወፍጮውን አፍ በርበሬ ሞልተው ይጠብቃሉ፣ መብራቱ ሲመጣ ለመቅደም። ይህ እዚያ እንደ ትጋት ይቆጠራል፤ እኔም እንደ ትጋት ሳደንቀው ኖሬያለሁ። ነገር ግን ሞተር ሲነሳ፣ እየሠራ ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ይስባል። ሁሉም ባንድ ቅጽበት ሲነሱ የመስመሩ ፊውዝ አይችልም፤ ይቃጠላል። ዛሬም መብራቱ ሄዶ እንደመጣ የሆነው ይኸው ነው። እንደገናም ወደ አዲስ አበባ እርግማን ይላካል።

ሐጂ ወደ ከተማ ከመግባታቸው በፊት መስቃን ገጠር ውስጥ የመስኖ ውኃ ተራ ያስከብሩ ነበር።

«ሁሉም ቦዩን ባንድ ጊዜ ከፈተ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ አባዬ። እሱን ነው የምልዎት።»

የፊዚክስ መምህር ሆኜ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አስተምሬ አላውቅም። ሐጂ ወደ ሙንታሲር ዞረው ረድፉ በሙሉ ማብሪያውን እንዲያጠፋና በተራ እንዲነሳ ነገሩት።

«መጀመሪያ የሚነሳው የማን ነው?» አለ ሙንታሲር፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ።

«ያንተ። የእኔ መጨረሻ ይሁን።»

ሙንታሲር ገብቶ ማብሪያውን አጠፋ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ተደውሎላቸው የመብራት ኃይል ሠራተኞች መጥተው ፊውዙን ቀየሩ። የሙንታሲር ሞተር አጓርቶ ተነሳ፤ ድምፁ ሲረጋ ቀጣዩ፣ እሱ ሲረጋ ደግሞ ሌላው ተከተለ። በመጨረሻ የሐጂ ወፍጮ ተነሳ። መብራቱ አልሄደም።

ሐጂ ግን ገና አልጨረሱም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ያ ሕንፃስ? ማታ ሕዝቡ ራቱን ሲያበስል ተራውን ይጠብቃል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሁሉም አይጠብቅም፤ አልዋሽዎትም። ግን ሊቆይ የሚችለውን ሥራ ሕዝቡ ምድጃውን ወዳጠፋበት ሰዓት ማዛወር ይቻላል። ኮምፒውተሮቹን የሚያቀዘቅዘውን መሣሪያ በጥበብ ከያዙትም ፍጆታው ይቀንሳል። እኔን የሚቀጥሩኝ ለዚሁ ሥራ ነው።»

«ይህን መጀመሪያ አትነግሪኝም ነበር?»

«መርገሙን መቼ ጨረሱና» አለች። ያን ጊዜ ሐጂ ሳቁ።

አንባቢ ሆይ፣ ልኬት የሚሰጠን ጥቅም ይህ ነው። የኃይሉን መጠን ያወቀ፣ ሩቅ ያለውን ከመርገም ድኖ እጁ ያለውን ያስተካክላል፤ ከታላቁ ተጠቃሚም ፊት ቆሞ የሚጠይቀውን ያውቃል። ቤትም ሕንፃም ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉና፣ ሁለቱንም የሚረዳ የተማረ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ሐጂ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። ከዚያም፣ «እንዲህ ያለ በላተኛ ካለ አጠገቡ ቆሞ ልክ የሚያስይዘው ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ልጄ ብትሆን አላፍርም። ደውዪላቸው» አሏት።

ሰልሚያ ስልኳን አወጣች። ወፍጮዎቹ ሁሉ እየሠሩ ስለነበር ግን ምንም አልሰማ አላት፤ እሺ ለማለት አስፋልቱን ተሻገረች።