ቀዩ ገመድ

«እማዬ፣ ፈረሱ ከተፈታ እኛን ማን ይይዘናል?» አለችኝ ልጄ፣ በጋሪ ወደ ጉደር ስንሄድ። ባለጋሪው ኦቦ ቶሎሳ አዲስ ያሠሩትን ነገር ገና አሳይተውን መጨረሳቸው ነበር፤ አጠገቤ የተንጠለጠለው ቀይ ገመድ ሲሳብ ማያያዣው ብረት ይወጣና ፈረሱ ከጋሪው ይለያል። «ፈረሴ እንዳይጎዳብኝ ነው፤ እናንተንማ ዋቃ ይይዛችኋል» ብለው ሳቁ። እኔ ግን የልጄን እጅ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ቁልቁለቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ፈረሱ ደንብሮ ጋለበ። ኦቦ ቶሎሳ በሁለት እጃቸው ልጓሙን እየታገሉ «እትዬ፣ ገመዱን ይሳቡት!» አሉኝ። ብስበው ጋሪው የሚገለበጥ፣ ብተወው ፈረሱ ገደል ይዞን የሚገባ መሰለኝ። ልጄን አቅፌ፣ «ጌታ ሆይ» ብዬ ሳብኩት። እሳቸውም ልጓሙን ለቀቁ። ፈረሱ ብቻውን በረረ፤ ጋሪው ወደ ፊት ተደፍቶ አፈሩን እየፋቀ ቆመ። የልጄ ጉልበት ትንሽ ከመላጡ በቀር ደህና ነበርን። ኦቦ ቶሎሳ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩን ፈረሳቸውን ተከትለው ሮጡ። ይዘውት ተመልሰው፣ አራቱንም እግሩን ከዳበሱ በኋላ ነው «ልጅቷ ደህና ናት?» ያሉኝ። ልቆጣቸው ወይስ ላመስግናቸው፣ ግራ እንደገባኝ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ከልጄ ጋር መሳፈሪያው ላይ ቆሜ፣ ቀይ ገመድ ያለው እስኪመጣ ሦስት ባዶ ጋሪ አሳለፍኩ።