አምሳለች የሸሸገችው ወረቀት

ያላሰቡት ሰው የሚገጥመው አውቶቡስ በዘገየ ቀን ነው። አምሳለች እስራኤል አገር፣ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ወለል ስታጥብ ውላ፣ ጉልበቷን እያሻሸች ወደ ሰፈሯ ወደ ኤን ጋኒም የሚወስዳትን አውቶቡስ ትጠብቃለች። አንዲት ቀጭን ልጅ መጥታ ከጎኗ ቁጭ አለች። ቀና ብላ ብታይ ሮተም ናት፤ የአቶ ታረቀ ልጅ፣ እዚሁ አገር ተወልዳ የእርጉዞችና የሕጻናት ጤና ጣቢያ ነርስ የሆነችው።

ሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ሲሳይ አምሳለችን አያመልጣትም። ማን አረገዘች፣ ማን ወለደች፣ ማን ከአማቷ ተኳረፈች እያለች ታደርቃት ነበር። ዛሬ ግን ሮተምን ስታይ እጇ ሳታዝዘው ወደ ደረቷ ሄደ። እዚያ፣ ከጡቷ ሥር፣ ሦስት ቀን የሸሸገችው ወረቀት አለ።

"እንዴት ዋሉ እማማ አምሳለች? ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ጉልበቴስ ቀድሞኝ አርጅቷል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለኔ እንዳይመስልሽ፤ አንዲት የማውቃት ሴት አለች።"

"በሰደር፣ እሺ፣ ይጠይቁኝ።"

"ምራቷ አርግዛለች፤ ስድስት ወሯ ነው። አባቷ ታሞባት ቋራ ሄዳ ሦስት ሳምንት ከርማ መጣች። ከመጣች ወዲህ አንድ ቀን እሳት ናት፣ አንድ ቀን ደኅና። ስትንቀጠቀጥ አልጋው ይንቋቋል። ሴትዮዋ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አጠጣቻት። ምን ትያለሽ?"

ሮተም ሳቋን ዋጥ አደረገች። የአምሳለች ልጅ ይሻይ ያገባት እንጉዳይ ቋራ ሄዳ እንደመጣች ኤን ጋኒም ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ወሬውን በየፎቁ ያዳረሰችው ራሷ አምሳለች ናት።

"ሐኪም አላያትም?"

"አይቷታል። የደም ምርመራ ብሎ ወረቀት ጻፈ። አንዱ የወባ ነው። ሁለተኛው…" አምሳለች ግራ ቀኝ አየች። ከአንድ የሚያንጎላጅ ሩስያዊ ሽማግሌ በቀር ሰው የለም። "ሁለተኛው የዚያ በሽታ።"

"የኤች አይ ቪ?"

"ቀስ በይ እንጂ።"

"ሰውየው አማርኛ አይሰማም።"

"ኤች አይ ቪ ደግሞ አማርኛ ነው?"

ሮተም አሁን ሳቀች። "እሺ፣ ሴትዮዋ ወረቀቱን ምን አደረገችው?"

"ሸሸገችው። ምራቷ እብራይስጥ ገና ናት፤ ሐኪሙ ሲናገር ያስተረጎመችላት ሴትዮዋ ናት። እሱ 'ዛሬውኑ ደሟ ይታይ' ሲል፣ 'ውኃ ጠጪና ተኚ ብሎሻል' አለቻት።"

የሮተም ሳቅ ቆመ። "እማማ፣ ሴትዮዋን እንተዋት። እንጉዳይ አሁን የት ናት?"

አምሳለች መሬት መሬት አየች። "ቤት ተኝታለች።"

"ለምን እንዲህ አደረጉ?"

ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ለእንጉዳይ ጫማዋን ጎንበስ ብላ የምታስርላት እሷ ናት። ነገር ግን የቆየ ቁስል ያለበት ሰው፣ ሊያክሙት የመጣውንም እጅ ይመታል።

"ልጆቻችን ለዚህ አገር የሰጡትን ደም የደም ባንኩ ሰዎች ደፉት" አለች አምሳለች። "ያን በሽታ ፈርተው፣ ሳይነግሩን ደፉት። ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጥቼ አስለቃሽ ጭስ በልቼ ተመልሻለሁ። ዛሬ ደግሞ ምራቴ ክንዷን ዘርግታ 'አለብኝ ወይ?' ብላ ትለምን? የሚጠራጠሩት የኛን ደም ብቻ ነው።"

"እናቴም እዚያ ሰልፍ ላይ ነበረች። መቆጣታችሁ ልክ ነው፤ እኔም ሲነሳ ያመኛል። ግን ልብ ይበሉ። ያኔ የደፉት ለሌላ ሰው የሰጣችሁትን ነው። የእንጉዳይ ደም ለማንም አይሰጥም፤ የሚታየው ለራሷና ለሆዷ ነው። ፈረንጆቹንም እርጉዞች እንልካቸዋለን፤ ማንም ተዋረድሁ ብላ አታለቅስም።"

"ቢገኝባትስ?"

"መድኃኒት አለ። በየቀኑ ትውጣለች። በደንብ ከዋጠች፣ እንዲህ ካሉ እናቶች ከሚወለዱ መቶ ሕጻናት አንዱም እንኳ ላይያዝ ይችላል። የማጥባቱን ነገር ከሐኪሟ ጋር ትመክራለች። ሳይታወቅ ከቀረ ግን በሆድም፣ በምጥም፣ በጡትም ያልፋል፤ ከሦስት ሕጻን አንዱን ይይዛል። እማማ፣ በሽታውን ምርመራው አያመጣውም፤ ካለ አለ። ምርመራው ሕጻኑ ላይ እንዳይደርስ ነው።"

"እሺ፣ ወባውስ? እኛ ከንዳድ ጋር ነው ያደግነው። አንቀጥቅጦ አንቀጥቅጦ ይተዋል።"

"እናትየዋን የተዋት ይመስላል፤ አንዳንዴ እሷንም ይገድላል። ሕጻኑን ግን አይተውም። የወባው ተውሳክ እንግዴ ልጁ ውስጥ ገብቶ ይሸሸጋል። እንግዴ ልጅ የሕጻኑ ማጀት ነው፤ የሚበላው ከዚያ ነው። ማጀቱን ሌባ ከሞላው ለባለቤቱ ምን ይተርፋል? የእናት ደም ያልቃል፣ ሕጻኑ ይቀጭጫል፣ ያለ ወሩ ይወለዳል፤ ሞቶ የሚወጣም አለ። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል። ሐኪሙ ሁለቱንም ባንድ ወረቀት የጻፈው ለዚህ ነው።"

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ሽማግሌው ተነስቶ ገባ። አምሳለች አልተነሳችም፤ በሩ ተዘግቶ ሄደ።

"ይቀጭጫል ስትይ ምን ያህል ነው?"

"ሁለት ኪሎ ተኩል የማይሞላ። አንዳንዱ ከዚያም በጣም ያነሰ።"

አምሳለች ሁለት መዳፎቿን ገጥማ አሳየቻት። "ይችን ታህል ነበረች" አለች። "ወደዚህ አገር ስንመጣ፣ ሱዳን፣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያ እርግዝናዬ። እኔም አንድ ቀን እሳት፣ አንድ ቀን ደኅና ነበርሁ። በስምንት ወሯ መጣች። አምስት ቀን ቆየች፤ ስም እንኳ አላወጣንላትም።"

ሮተም እጇን ያዘቻት።

"ከኛ ፎቅ በላይ ያለችው ደመቀች ናት በዓይኗ የበላችብኝ። ድንኳኔ ገብታ 'አምሳለች፣ ሆድሽ ምነው አነሰ?' አለችኝ፤ በሳምንቱ ምጥ ያዘኝ። ዐርባ ዓመት ሰላም አላልኋትም። ሠርግ ላይ እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ። ቡዳ ናት ብዬ ያልነገርሁት ሰው የለም።"

"እማማ፣ ጎንደር ሳላችሁ ጎረቤቶቻችሁ እናንተን ቤተ እስራኤሎችን ምን ይሏችሁ ነበር?"

አምሳለች ከንፈሯን ነከሰች። "ቡዳ።"

"ነበራችሁ?"

አምሳለች ራሷን ነቀነቀች።

"ደመቀች ያየችውን ነው የተናገረችው" አለች ሮተም። "ሕጻኗ እየቀጨጨች ነበር። እኔ ዛሬ ሜትር ይዤ የምለካውን፣ እሷ በዓይኗ ለካችው።"

"ታዲያ ልጄን ማን ገደላት?"

"የወባ ትንኝ። ያኔ ደምዎን የሚያይልዎ ሐኪም አጠገብዎ አልነበረም። ዛሬ ግን አለ፤ ወረቀቱም እርስዎ ጋ ነው።"

አምሳለች እጇን ደረቷ ውስጥ ሰደደች። ወረቀቱ በላብ ርሶ ነበር። "ውጤቱን ማን ይሰማል?" አለች ሳትለቀው።

"እንጉዳይ።"

"እኔስ አማቷ?"

"ለአማቷም አይነገርም፤ እሷ ከፈለገች ትንገርዎ።"

"ይሄስ ከወባው ይብሳል" አለች አምሳለች፣ ወረቀቱንም ሰጠቻት።

ሮተም ለይሻይ ደወለች፣ ታክሲም ጠራች። አምሳለች ቤት እንደገባች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "ልጄ፣ ሐኪሙ ውኃ ጠጪ አላለም። ዋሽቼሻለሁ" አለቻት።

"አውቄያለሁ" አለች እንጉዳይ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። "ውኃ ጠጪ ለማለት ሐኪም እንደዚያ ጣቱን አይቀስርም። እናቴ የለችም፣ እርስዎን አምኜ ነው ዝም ያልሁት።"

ከዱላ ይልቅ ይህ ቃል አምሳለችን መታት።

ሆስፒታል በገቡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወባው ደሟ ውስጥ ተገኘ። አስተኟት፤ ለእርጉዝ የሚሆነውን መድኃኒት ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቷ ወረደ። የሁለተኛውን ምርመራ ውጤት ሐኪሙ በሩን ዘግቶ፣ አማርኛ በምትችል አስተርጓሚ ነገራት። አምሳለች ኮሪደሩ ላይ ቀረች፤ ጆሮዋ እንደ እሳት ይበላታል። እንጉዳይ ስትወጣ ጥያቄው እስከ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። አምሳለች መልሳ ዋጠችውና "ራበሽ ወይ?" ብላ ጠየቀቻት።

በዘጠኝ ወሯ እንጉዳይ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። በጊዜ የታየ ደም የሰጠው ጥቅም ይኸው ነው፦ እናቲቱ ተረፈች፣ ልጁም ሥጋ ሞልቶ መጣ። ያ ወሬ የለመደ የአምሳለች አፍም ሥራ አገኘ። አሁን አውቶቡስ ላይ ያገኘቻትን ሁሉ፣ "እርጉዝ ሆነሽ ቆላ አገር ከመሄድሽ በፊት ሐኪም ጠይቂ፤ ከሄድሽም አጎበር ሥር ተኚ፤ ስትመለሺ ትኩሳት ካለሽ በዚያው ቀን ደምሽን አሳዪ። የዚያንኛውንም ምርመራ እርግዝናሽ እንደታወቀ አድርጊው" ትላለች። "የምራትሽ ውጤት ምን ሆነ?" ብሎ የሚጠይቃት ሲመጣ፣ "እሱን አልጠየቅኋትም" ትላለች፤ ማንም አያምናትም፣ ግን እውነቷን ነው።

የግርዛቱ ዋዜማ ዕለት አምሳለች ሦስት ፎቅ ወጥታ የደመቀችን በር አንኳኳች። ደመቀች ከፈተች፤ አየቻትና እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ቆመች።

"ደመቀች፣ ያለ ሥራሽ ስምሽን አጠፋሁ። ልጄን የገደላት ንዳድ ነው። አሁን ነው የገባኝ።"

"ዐርባ ዓመት ፈጀብሽ።"

"ፈጀብኝ። ይቅር በይኝ። ለነገርኋቸው ሁሉ እየዞርሁ እውነቱን እነግራለሁ።"

"ስንት ቤት እንዳለ ታውቂያለሽ?"

"እኔ ነኝ ያዳረስሁት፣ እንዴት አላውቅ። ነገ የልጅ ልጄ ግርዛት ነው፤ ነይልኝ።"

ደመቀች እጇን ከበሩ ላይ አነሳች። "ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምመጣው?"

"ገልጠሽ ነይ" አለች አምሳለች። "ቀርበሽ ደኅና አድርገሽ እይልኝ። ያነሰ ከመሰለሽ ደግሞ ሳትፈሪ ንገሪኝ፤ ለሮተም እደውልላታለሁ።"