በክፍል ኃላፊው በኩል

ደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ተማሪ ለበላይ አካል ሲጽፍ ከአድራሻው ሥር «በክፍል ኃላፊው በኩል» የሚል መስመር እንዲጨምር፣ ኃላፊው ካልፈረመበት መዝገብ ቤት እንደማይቀበለው ስንቱን እንዳስተማርኩ እግዜር ይወቀው። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ እያፈርኩ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን የሠራተኛ ሰርቪስ ዘገየብኝና ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። አጠገቤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ፤ ማኅተሙን ከእጃቸው ስለማይለዩ «ጋሽ ማኅተም» እንላቸዋለን። ሰላምታችንን ሳንጨርስ አንዲት ወጣት ረዳት መምህርት መጥታ ፊት ለፊታችን ቆመች። ስታለቅስ እንደቆየች ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የአራተኛ ዓመቷን የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ የመለሱት ለምንድን ነው?»

«ውይ የኔ ልጅ! ጠልቻት መሰለሽ? ‹በኩል› የለውማ! ፊርማ የሌለው ደብዳቤ እንዴት አድርጌ ልቀበል?»

«የከሰሰችው እኮ የክፍል ኃላፊውን ነው! ቢሮው ጠርቶ፣ በሩን ቆልፎ ገላዬን ነካካኝ፤ እምቢ ስለው ኤፍ ሰጠኝ ነው የምትለው። እሱው ዘንድ ሄዳ ‹ይፈርሙልኝ› ትበል?»

ጋሽ ማኅተም ሳቅ አሉ። ሳቃቸው አናደደኝ፤ ግን እኔም አፌን ዘግቼ ነበር።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አሏት። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር አደባባይ ካወጣችው የሚጠፋው የራሷ ስም ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ብትመረቅ ይሻላታል። ደግሞስ መካኒካል ለሴት ይከብዳል፤ ሲከብዳት ሰበብ ፈልጋ እንደሆነስ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከሃምሳ ሁለት ወንዶች መሐል ብቻዋን ሴት ሆና አንደኛ ስትወጣ ነበር። ውጤቷ እርስዎ ዘንድ ነው፤ አውጥተው ይዩት። ያኔ ቀሎላት የነበረው ትምህርት፣ ቢሮው ከተጠራች በኋላ ከበዳት?»

ሽማግሌው ተቁነጠነጡ። ግን እልኸኛ አይደሉ? ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ስሚ፣ መዝገብ ቤቱን ከያዝኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለ ነውር በእኔ መዝገብ አንድም ቀን ሰፍሮ አያውቅም። ግቢያችን ንጹሕ ነው!» አሉ።

«በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ፣ በራሱ ላይ የቀረበ ክስ ፈርሞ የላከልዎት ኃላፊ አለ?»

«እ...» አሉና ማኅተሙን በእጃቸው አገላበጡ። መቼም ጋሽ ማኅተም አይዋሹም። ቆይተው «የለም» አሉ።

«እንግዲህ መዝገብዎ ባዶ የሆነው ነውር ስለሌለ አይደለም። ሌባው ካልፈቀደ ‹ሌባ!› ብሎ መጮህ ክልክል ስለሆነ ነው።»

እኔም እዚህ ላይ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ እውነቷን ነው። ያንን መስመር ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሽማግሌው ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ታዲያ ምን ይደረግ ትያለሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው ለዝቧል።

«ክሱን ከክፍሉ ውጭ የሆነ ሰው ይቀበል፤ የማንም ፊርማ አይጠየቅ። ነገሩ እስኪጣራ የተከሰሰው ሰው ፈተናዋን አያርም። የፈተና ወረቀት ላይ ስም ቀርቶ ቁጥር ይጻፍ፤ ያኔ ሴት ትሁን ወንድ፣ የማን ዘር ይሁን የማን፣ አራሚው አያውቅም። ይኸው ነው ጋሼ፤ ከባድ ነገር የለበትም።»

«በቃ፣ ነገ ጠዋት ልጅቷን ላኪልኝ። ያለ ፊርማ እቀበላታለሁ፤ የመጣው ይምጣ!»

«ሄዳለች እኮ። ዛሬ ጠዋት የመልቀቂያ ክሊራንሷን ያተሙላት እርስዎ ነዎት።»

«ፊርማው የተሟላ ነበር...» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ። ያንን ኃላፊው ወዲያው ነው የፈረመላት፤ ቁጭ በይ እንኳ ሳይላት።»

ለልጅቷ ደውላ ስልኩን ሰጠቻቸው። ድምፁ ለእኔም ይሰማል። «ልጄ፣ ተመለሽ። ደብዳቤሽን ራሴ ይዤልሽ እገባለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ስመላለስ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም» አለች። ከወዲያ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይጮሃል። «አሁን እናቴን ምን እንደምላት ነው የማስበው። እባክዎ ይተዉኝ።» ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ማኅተም ሰርቪሱ ሲመጣ አልተሳፈሩም።

በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ገብተው እስኪደመጡ አልወጣም አሉ። በሁለት ወሩ ያ መስመር ከክስ ደብዳቤ ላይ ተሰረዘ፤ መምህርቷ ያለችውም ሁሉ ደንብ ሆነ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዐሥራ አራት ደብዳቤ ገባ። «ዘንድሮስ ነውር በዛ!» ብሎ የሚያማርር ሹም ሲያጋጥማቸው፣ «አልበዛም፤ ድሮ እኔ ስመልሰው ነው» ይሉታል። ሁለት መምህራን ተሰናበቱ። ሴቶቹ ለጥያቄ መምህር ቢሮ ሲገቡ በሩ ክፍት ነው፤ ወንዶቹንም ውጤታቸውን በአድልዎ አገኙት ብሎ ማንም አያማቸውም። ሴት ልጁን ለመላክ ያመነታ የነበረ አባት ዘንድሮ ራሱ ይዟት መጣ። ደንብ የምታወጡ ሁሉ፣ በእናንተ ላይ የሚቀርበውን የክስ ደብዳቤ ማን እንደሚፈርምበት እስቲ ዛሬውኑ ጠይቁ።

ለልጅቷ ሁለት ጊዜ ጻፍንላት፤ መልስ አልሰጠችም። ኃላፊውም ከሳሽ የለውም ተብሎ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ትናንት ኮሪደር ላይ አገኘኝና እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም፤ ግን ይህ ለእሷ ምን ይረባታል?